ያልተከፈለ መሳፈሪያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ወደ ፃግብጂ በገባሁበት ሰሞን፣ አብሮ አደጌ የሆነና በአንድ ዓውደ ምሕረት ቆመን የዘመርን ወንድም ከእንግሊዝ አገር የአንድ ደብዳቤ ፎቶግራፍ ላከልኝ። ኔትወርኩ ደካማ ነውና ፎቶው እስኪከፈት ድረስ ኮረብታ ላይ ወጥቼ ቆሜ ነበር። ደብዳቤውን የጻፈው የሚኖርበት ከተማ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ጣቢያ የመሳፈሪያ ዋጋ ሳይከፍሉ ሲጓዙ ተገኝተዋል፤ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ልንወስደው እንችላለን፤ ከዚያ በፊት የሚሉት ነገር ካለ በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይንገሩን ይላል። ከሥሩ ወንድሜ በአማርኛ እንዲህ ጨምሮበት ነበር፦ «ዲያቆን፣ የአንተ እንግሊዝኛ ይሻላል፤ እባክህ አንጀት የሚበላ መልስ ጻፍልኝ።»

የሆነውን ጠየቅሁት፤ አልደበቀኝም። በዚያ ከተማ ባቡር ጣቢያ ካርድ ካልነኩት የማይከፈት በር አለ። እርሱ ግን ከፊቱ የሚገባውን ሰው ተጠግቶ፣ በሩ ሳይዘጋ አብሮ አለፈ። ከዚያ በፊትም በተመሳሳይ መንገድ ሦስት ጊዜ አልፎ ነበር። በአራተኛው ተቆጣጣሪ ያዘው፤ ስሙንና አድራሻውን መዝግቦ አሰናበተው። ደብዳቤው ከሳምንታት በኋላ ደረሰው።

ጻፍሁለት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥሩ አድርጌ ነበር የጻፍሁት። የስልኩ ባትሪ እንዳለቀበት፣ የባንክ ካርዱን ቤት እንደ ረሳ፣ ለሥራ እንደ ረፈደበት፣ በአገሩ ከባድ ዘመን እንዳሳለፈ ጻፍሁ። በመጨረሻም እንዲህ ያለው ነገር በሕይወቱ የመጀመሪያው እንደ ሆነ አሰፈርሁ። ስለ አገሩ የጻፍሁት እውነት ነው፤ ሌላው ሁሉ ውሸት ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ በማግሥቱ ተልእኮ ነበረኝ። ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ ያ ደብዳቤ በኪሴ ስልክ ውስጥ እንዳለ አብሮኝ ወጣ። ዲያቆን በቅዳሴ መካከል ለጸሎት ተነሡ እያለ ሕዝቡን ያዝዛል፤ እኔ ግን ትናንት ማታ በዚሁ አፌ ቃል በቃል እያነበብሁ ያሳመርሁትን ውሸት አስብ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ኮረብታው ላይ ተመልሼ ወጣሁና «አትላከው፤ ሌላ እንጽፋለን» አልሁት።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በውጭ የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች ተመሳሳይ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ወደ እኔ ቢጤው «እንግሊዝኛ አዋቂ» ስለምትመለከቱ ነው። በአገር ቤት ያለን ደግሞ ደብዳቤ ባይደርሰንም ጉዳዩ ስለማይቀርልን ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ልበል፤ የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ አይደለሁም። በእንግሊዝ አገር ላለመክፈል አስቦ በባቡር የተጓዘ ሰው የሚከሰስበት ሕግ የወጣው በ1889 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቅጣቱ እስከ 3 ወር እስራት ሊደርስ ይችላል። ያለ ትኬት መገኘቱን ብቻ የሚመለከት፣ አሳቡን የማይጠይቅ፣ ቅጣቱም ገንዘብ የሆነ ቀለል ያለ ደንብም አለ። በጀርመን ያለ ትኬት የተገኘ ሰው አስቀድሞ 60 ዩሮ ይጠየቃል፤ ነገሩ በወንጀል ሕጋቸው ውስጥም የተጻፈ ስለ ሆነ ፍርድ ቤት የቆረጠበትን መክፈል ያቃተው ድኻ እስር ቤት የሚገባበት ጊዜ አለ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ የከተማዋ ምክር ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ይህን ጥፋት ከወንጀልነት አውጥቶ ቅጣቱን 50 ዶላር አድርጎታል፤ የቀድሞው አሠራር በጥቁር ነዋሪዎች ላይ ይበረታ እንደ ነበር ታይቷልና። ለአንድ ትኬት ድኻን ማሰር ከበደሉ የበለጠ ቅጣት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን በአደባባይ መናገርም ክርስቲያናዊ ነው። ነገር ግን የሕጉ ክብደት ለእኛ መዋሸት ፈቃድ አይሆነንም።

ወንድሜም ይህን ስነግረው የመለሰልኝን ሳልጽፍ ባልፍ ታማኝ አልሆንም። «መቅደላን ዘርፈው ታቦታቱን ሙዚየም ውስጥ ያስቀመጡ ሰዎች ለጥቂት ፓውንድ እኔን ይከስሱኛል?» አለኝ። ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ዝም አልሁ። እውነት ነው፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰደው ንዋየ ቅድሳት እስከ ዛሬ በዚያው አገር አለ፤ በብሪቲሽ ሙዚየም ብቻ 11 ታቦታት እንዳሉ ይታወቃል። የእኛ የዋጉ ተወላጅ ዋግሹም ጎበዜ፣ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በወደቁበት በዚያው ዘመን የነገሡ ናቸውና ታሪኩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ወንድሜ ሆይ፣ ታቦቶቻችን ይመለሱ ብለን የምንጮኸው በየትኛው ሕግ ነው? ያንተ ያልሆነውን አትውሰድ፤ ከወሰድህም መልስ በሚለው አይደለምን? ይህ ሕግ ለሙዚየሙ ሲሆን የሚጸና፣ ለባቡር ጣቢያው በር ሲሆን የሚላላ ከሆነ ክርክራችን ሁሉ በእጃችን ይፈርሳል። ደግሞስ በሰው ጀርባ ተለጥፎ በር ያለፈ ሰው የትኛውን ታቦት አስመለሰ?

ጌታችን በቅፍርናሖም ሳለ የቤተ መቅደሱን ግብር የሚሰበስቡ ሰዎች ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቀርበው መምህራችሁ አይገብርምን ብለው እንደ ጠየቁ ቅዱስ ማቴዎስ ጽፎልናል (ማቴ. 17፥24-27)። ጌታችን የነገሥታት ልጆች ከግብር ነፃ እንደ ሆኑ ለጴጥሮስ አስረዳው፤ የቤቱ ልጅ እርሱ ነበርና መክፈል አይገባውም ነበር። ሆኖም እንዳናሰናክላቸው ብሎ ወደ ባሕር ላከው፤ ከዓሣው አፍ በተገኘው እስታቴርም ስለ ራሱና ስለ ጴጥሮስ ከፈለ። እኔን የሚያስደንቀኝ ተአምሩ ብቻ አይደለም፤ ከመክፈል ነፃ የሆነው መክፈሉ ነው። እኛ ግን የተሳፈርንበትን ሳንከፍል ምክንያት እንደረድራለን። ይልቁንም ባዕድ አገር ያለ ክርስቲያን አንገቱ ላይ ማዕተብ አለ፤ ተቆጣጣሪው ስሙን ሲመዘግብ ገብረ እግዚአብሔር ወይም ኃይለ ማርያም ብሎ ይመዘግባል። ስሙ የማንን ስም እንደ ያዘ ተቆጣጣሪው ባያውቅ ባለቤቱ ያውቃል።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልመለስ፤ ብዙ የተከራከርነው በእርሱ ላይ ነውና።

መጀመሪያ የተስማማነው መልስ መስጠት እንዳለበት ነው። በድንጋጤ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ የሚረሳ አለ፤ መልስ ያልሰጠ ሰው ግን ጉዳዩ እርሱ በሌለበት ሊወሰን ይችላል። ሁለተኛው የከበደን ነበር። ደብዳቤው የሚጠይቀው ስለዚያ አንድ ቀን ነው። ስለ ሦስቱ ቀናት ያወቀ የለም። ላለመክፈል አስቦ እንዳደረገው በጽሑፍ ካመነ ደግሞ ከሳሹ ማስረዳት የነበረበትን እርሱ ራሱ አስረድቶ ሰጠ ማለት ነው። ሥራው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ ሁሉ በዚህ ወረቀት ላይ ተንጠለጠለ። ይህን ሳስብ እኔም ፈራሁ። ከሩቅ ሆኖ «እውነቱን ተናገር» ማለት ቀላል ነው፤ የሚቀጣው ሌላ ሰው ነውና።

በዩኒቨርሲቲ የግቢ ጉባኤ የሚያስተምሩንን አንድ አባት በስልክ ጠየቅኋቸው። ከነገሩኝ ሁሉ አንዱን አልረሳውም፤ ዝምታና ውሸት አንድ አይደሉም አሉኝ። ጌታችን በሄሮድስ ፊት ብዙ ሲጠየቅ አንድ ቃል አልመለሰም (ሉቃ. 23፥9)፤ ሐሰት ግን በአፉ አልተገኘበትም። ስለዚህ ወንድሜ ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሮ፣ ያልተጠየቀውን ባይናገር ዋሾ አይባልም። የሕግ ምክር መጠየቅም ኃጢአት አይደለም፤ በየከተማው ለስደተኞችና ለአነስተኛ ገቢ ሰዎች በነፃ የሚያማክሩ አሉ። የማይገባው ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ ነው። ከእኔ ደብዳቤ ውስጥ እጅግ የከፋው ዐረፍተ ነገርም ታወቀኝ፤ «ይህ የመጀመሪያዬ ነው» የሚለው። ስለ ባትሪው የጻፍሁት ተራ ውሸት ነው። ይህ ግን የንስሐ ልብስ የለበሰ ውሸት ነው፤ ይቅርታ እየለመነ ይዋሻል።

ሐናንያና ሰጲራን አስታውሱ (ሐዋ. 5፥1-11)። መሬቱ የራሳቸው ነበር፤ ከሸጡት በኋላም ገንዘቡ በእጃቸው ነበር። ቅዱስ ጴጥሮስ ለምን አስቀራችሁ ብሎ አልገሠጻቸውም፤ ከፊሉን አስቀርተው ሁሉን እንደ ሰጡ ሆነው ስለ ቀረቡ ነው። ባይሰጡ ኖሮ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። ያጠፋቸው ሙሉ መስሎ መታየቱ ነው። «የመጀመሪያዬ ነው» ማለትም ይኸው ነው፤ ከአራቱ አንዱን አምጥቶ ሁሉን እንዳመጣ ሰው መቆም ነው።

ከእናንተ መካከል «ለንስሐ አባቱ ከተናገረ አይበቃምን?» የሚል ይኖራል። እኔ ዲያቆን ነኝ፤ ኑዛዜ የመቀበል ሥልጣን የለኝምና ለወንድሜም ይህን ነግሬ ወደ ንስሐ አባቱ ልኬዋለሁ። ነገር ግን በካህን ፊት የተናዘዘ ሰው የሰውን ገንዘብ በኪሱ ይዞ ወደ ቤቱ ቢሄድ ንስሐው ገና በመንገድ ላይ ነው። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የበደልሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ማንም አላስገደደውም (ሉቃ. 19፥1-10)፤ መዳን ለዚያ ቤት የሆነው ግን በዚያ ቀን ነው። በሕገ ኦሪትም የሰው ገንዘብ በሐሰት ያስቀረ ሰው ዋናውን አምስተኛ እጅ ጨምሮበት ለባለቤቱ ይመልስ ነበር፤ መሥዋዕቱ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው (ዘሌ. 6፥1-7)። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። እኛ ብዙ ጊዜ ስለት አግብተን፣ ሻማ አብርተን፣ ባለ ገንዘቡን እንረሳዋለን።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አገር ቤት ያለው አንባቢ «የፈረንጅ አገር ጉዳይ ነው» እንዳይል እሰጋለሁ። ወደ እኛው እንምጣ።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ተሳፋሪው ከጣቢያው አጠገብ ካለች ትንሽ ቤት ትኬት ይቆርጥ ነበር፤ ቀሪው በተቆጣጣሪ ዓይንና በተሳፋሪው ሕሊና ላይ የተጣለ ነበር። 41 ባቡሮች ተገዝተው ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። የቆሙት ትኬት ባልቆረጡ ሰዎች ምክንያት ነው አልልም፤ ዋጋው ራሱ ወጪውን የሚሸፍን አልነበረም። ነገር ግን ሳይከፍል የወረደ ሁሉ በዚያ ጉድለት ላይ የራሱን አንድ ጠጠር ጥሏል፤ የሚጎዳውም መኪና ያለው ሰው አይደለም።

ሚኒባሱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከኋላ ወንበር የተሰጠ ብር በሦስት ሰው እጅ አልፎ ረዳቱ ዘንድ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ተመልሶ ይመጣል። በመካከል ያለው ሰው ብሩን ኪሱ ቢከት ማን ያውቅበታል? ግን አይከትም። እንግሊዞች በብረት በር የሚጠብቁትን እኛ በእጅ ቅብብል እንጠብቃለን፤ በዚህ ደስ ይለኛል። ያው ሰው ግን ረዳቱ ሳያየው ከቀረ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ «ወራጅ አለ» ብሎ ይወርዳል።

የራሳችንንም ጓዳ ላንሣ፤ የጉዞ ኮሚቴ ውስጥ ያገለገለ ያውቀዋል። ለልደት ወደ ላሊበላ መንፈሳዊ ጉዞ ሲዘጋጅ «ከደረስን በኋላ እከፍላለሁ» ብሎ የሚሳፈር፣ ከደረሰ በኋላ በሕዝቡ መካከል የሚሰወር፣ ሲመለስ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ወንበር የሚይዝ አይጠፋም። ለመንፈሳዊ ጉዞ ነው፣ በረከት ነው ይላል። አውቶቡሱ ግን በበረከት ናፍጣ አይሄድም፤ የእርሱን ድርሻ ከኪሷ የምትሞላው ብዙውን ጊዜ የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ናት።

እርግጥ በእኛ አገር ተሳፋሪውም ይበደላል። ታሪፍ ተለጥፎ ሳለ በበዓል ሰሞን እጥፍ ይጠየቃል፤ አምስት ሰው በሚቀመጥበት ሰባት ይጫናል፤ ትራፊክ ሲታይ «ጎንበስ በሉ» ይባላል፣ እኛም እንጎነበሳለን። እዚህ ላይ የራሴን ዕዳ ልናገር። ባለፈው ዓመት ከሰቆጣ ስሳፈር ረዳቱ ሒሳብ ሰብስቦ እኔን ዘለለኝ። ዕቃ እያወረደ ተዋክቦ ነበር። ዝም አልሁ። ከወር በፊት በዚያው መስመር ሌላ መኪና ከታሪፍ በላይ አስከፍሎኝ ነበርና በልቤ «ተካክሰናል» አልሁ። ሌላ መኪና፣ ሌላ ረዳት፣ ሌላ ሹፌር! አንዱ የወሰደብኝን ከሌላው ወሰድሁ፤ ይህንም ፍትሕ አልሁት። ከታሪፍ በላይ ያስከፈለኝን ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማመልከት እችል ነበር፤ ሰሌዳውን እንኳ አልመዘገብሁም። ከአቤቱታ ይልቅ ዝምታው ቀለለኝ። ረዳት በቀኑ መጨረሻ ሒሳብ ሲጎድልበት ከራሱ ድርሻ እንደሚሞላ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ለወንድሜ ሁለተኛውን ደብዳቤ በዚህ ልብ ጻፍነው፤ አሁን እርሱ ይናገራል፣ እኔ አቃናለሁ። ሕግ የሚያውቅ ሰውም አይቶለታል። አጭር ነው። በዚያ ቀን ሳልከፍል በሩን አልፌአለሁ፤ ስህተት እንደ ሆነ አውቅ ነበር፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የዚያን ቀን ዋጋና የምታወጡትን ወጪ ለመክፈል ዝግጁ ነኝ፤ በአንድ ጊዜ መክፈል ስለማልችል በየወሩ እንድከፍል ብትፈቅዱልኝ እለምናለሁ ይላል። ስለ ባትሪ የተጻፈ ነገር የለም። «የመጀመሪያዬ ነው» የሚለው ወጥቷል። ስለ አገሩ መከራም እንዳይጻፍ የመረጠው እርሱ ነው፤ «የሞቱትን ሰዎች ለትኬት አላቀርባቸውም» አለኝ። እኔ በዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ተምሬ ያልደረስሁበትን እርሱ በአንድ ቃል ደረሰበት።

የሦስቱን ቀናት ነገር ከንስሐ አባቱ ጋር ጨርሰዋል። ምን እንዳሉት አልጠየቅሁም፤ አይገባኝምም። ከዚያ ወዲህ ግን በየጊዜው ቲኬት ቆርጦ ሳይጓዝበት እንደሚጥለው ነግሮኛል። አራት እጥፍ ከሆነ ገና ብዙ ይቀረዋል እያለ ይቀልዳል።

ከመሥሪያ ቤቱ እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። በጸሎታችሁ አስቡት።

እኔም በመስከረም ወደ ትምህርቴ ስመለስ ሰቆጣ መናኸሪያ ገብቼ ያን ረዳት ፈለግሁት። ወደ ሌላ መስመር ተዛውሯል አሉኝ፤ ሹፌሩ ግን ነበር። ብሩን ሰጥቼ ምክንያቱን ነገርሁት። ቆጠረው፤ እንደገና አየኝ። «ያን ቀን ሒሳብ ጎድሎብን ልጁን ተቆጥቼው ነበር» አለ። ስልኩን አውጥቶ ደወለለት፤ እኔም ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠግቼ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።